ለተሳቢ እንስሳት ቀለብ የሚረቡ ነፍሳትን ምን ዓይነት አትክልት እንመግብ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች ለጎንደርና ለአካባቢዋ አርቢዎች

ይህ ጽሑፍ የተዘጋጀው እንሽላሊት፣ እስስትና የመሳሰሉትን ተሳቢ እንስሳት ለማስተማሪያ ወይም ለጥናት ይዘው፣ ቀለባቸውን ደግሞ ራሳቸው በሣጥን ለሚያረቡ ሰዎች ነው። ፌንጣ የምንለው ሌሊት ሌሊት የሚጮኸውን፣ በካርቶንና በእንቁላል ትሪ መካከል ተሸሽጎ የሚራባውን ነው። የዱቄት ትል የምንለው ደግሞ በፉርሽካ ውስጥ አድጎ ኋላ ወደ ጥቁር ጥንዚዛ የሚለወጠውን ቢጫማ እጭ ነው። ስለ ሙቀትና ስለ ሣጥን አሠራር እዚህ አናነሳም፤ ጉዳያችን ከገበያና ከጓሮ የሚመጣው ቅጠል፣ ሥራሥርና ፍራፍሬ ብቻ ነው።

ነፍሳቱ ጤነኛ እስከሆኑ ድረስ የሚበሉት ነገር ለእንሽላሊቱ ምን ያደርግለታል?

እንሽላሊት ፌንጣን የሚውጠው ከነሆድ ዕቃው ነው፤ ስለዚህ ፌንጣው ትናንት የበላው ጎመን ዛሬ የእንሽላሊቱ ምግብ ይሆናል ማለት ነው። ነፍሳት በተፈጥሯቸው ካልሲየም በጣም ያንሳቸዋል። በአንድ ትልቅ ፌንጣ ሰውነት ውስጥ የካልሲየምና የፎስፈረስ ምጥጥን ወደ 1 ለ 7፣ በዱቄት ትል ደግሞ ወደ 1 ለ 17 የሚጠጋ ሲሆን፣ ለአብዛኞቹ ነፍሳት በል ተሳቢዎች የሚፈለገው ግን የዚህ ግልባጭ፣ ወደ 2 ለ 1 የሚጠጋ ነው። ይህ ጉድለት ሳይሞላ ወራት ካለፉ የእንሽላሊቱ መንጋጋ ይለሰልሳል፣ እግሩ ይጎብጣል፣ መራመድም ይሳነዋል። ጉድለቱ የሚሞላው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው ነፍሳቱን በካልሲየም ዱቄት አንከባልሎ መስጠት፣ ሁለተኛው ደግሞ ከመሰጠታቸው በፊት አንጀታቸው በጥሩ ቀለብ እንዲሞላ ማድረግ ነው።

ጥቅሙ በሚተላለፍበት መንገድ ጉዳቱም ይተላለፋል። በቅጠሉ ላይ ያለው ፀረ ተባይ መድኃኒት ብዙ ከሆነ ነፍሳቱ ቀድመው ስለሚያልቁ አርቢው በንብረቱ ይከስራል እንጂ እንስሳው ይተርፋል። በእኔ አስተያየት ይበልጥ የሚያሰጋው መጠኑ ፌንጣውን ለመግደል የማይበቃ ሲሆን ነው፤ ምክንያቱም አንድ እንሽላሊት በአንድ ቀን ብዙ ፌንጣ ስለሚበላ፣ በየፌንጣው ሆድ ያለው ጥቂት ጥቂት መርዝ ተጠራቅሞ እርሱ ላይ ያርፋል።

ገበያ ላይ ያለ አትክልት መድኃኒት የተረጨበት መሆኑን በዓይን መለየት ይቻላል?

በአብዛኛው አይቻልም። በቲማቲምና በድንች ላይ ለበሽታ መከላከያ የሚረጩት እንደ ማንኮዜብ ያሉ ፀረ ፈንገሶች አንዳንድ ጊዜ በቅጠሉ መጋጠሚያና በፍሬው እንብርት ዙሪያ ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ብናኝ ይተዋሉ፤ ይህን ካዩ አይውሰዱት። እንደ ማላታዮን ያሉት ፀረ ተባዮች ግን ሲደርቁ የሚታይ ምልክት የላቸውም። ጠረናቸውም ቢሆን በአየርና በፀሐይ ቶሎ ስለሚጠፋ አፍንጫን ማመን አያዋጣም።

ከምልክት ይልቅ የቅጠሉን ኑሮ ማየት ይሻላል። ጎመኑን ገልብጠው ጀርባውን ይመልከቱ፤ ከደም ሥሩ አጠገብ ግራጫ ክሽክሽ በጥቂቱ ተሰብስቦ በሕይወት ካለ፣ ወይም አረንጓዴ ትንሽ ትል በበሳው ቀዳዳ ዳር ቆማ ካገኟት፣ ያ ቅጠል በቅርቡ እንዳልተረጨ ከዚያ የተሻለ ምስክር የለም። እመቤቶች ለወጥ ሲገዙ የሚንቁት ይህ የተበሳሳ ጎመን ለእኛ ተመራጩ ነው። በአንጻሩ በበጋው መካከል፣ ክሽክሽ በየማሳው በሚበዛበት ጊዜ፣ አንድም ቀዳዳ የሌለበት ወዝ ያለው ጥቅል ጎመን ሲያገኙ እንዴት እንደዚህ ሊሆን ቻለ ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም የሞቱ ክሽክሾች ደርቀው ተጣብቀውበት የሚታይ ቅጠል ከተበሳሳውም ከንጹሑም የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ተረጭቶ ሳይሰነብት የመጣ ሊሆን ይችላልና።

ታዲያ ከማን ልግዛ? ወቅቱስ ለውጥ ያመጣል?

ወቅቱ ትልቅ ለውጥ ያመጣል። በክረምትና ከክረምቱ ማግሥት፣ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ፣ ወደ ቅዳሜ ገበያ የሚገባው የሐበሻ ጎመን አብዛኛው ከገጠር ጓሮ የሚመጣ ነው፤ በቤት አጠገብ፣ በፍግ በዳበረ መሬት፣ በዝናብ የበቀለ ስለሆነ ገበሬው ለእርሱ ብሎ መድኃኒት የሚገዛበት ምክንያት የለውም። ከኅዳር በኋላ ግን አትክልቱ ወደ መስኖ ይዞራል። ከደምቢያና ከፎገራ ሜዳ የሚመጣው ሽንኩርትና ቲማቲም ለገበያ ተብሎ በስፋት የሚመረት ነው፤ እንዲህ ያለ ምርት ተባይ ሲነካው ገበሬው ዓመቱን ሙሉ የደከመበት ገንዘብ ስለሆነ መርጨቱ አይቀርም። ገበሬውን መውቀስ አይገባም፤ አትክልቱ የሚመረተው ለሰው ነው፣ ለሰውም ቢሆን ከርጭት እስከ አጨዳ ያለው የመቆያ ጊዜ እንደ መድኃኒቱ ዓይነት ከጥቂት ቀናት እስከ ሳምንታት ስለሚደርስ፣ ይህ ሲጠበቅ ቀሪው መጠን ይቀንሳል። ፌንጣ ግን መድኃኒቱ ሊገድለው ከተሠራለት ተባይ ጋር ዘመድ ስለሆነ፣ ለሰው የማይታወቀው መጠን ለእርሱ ይበቃዋል።

ሻጯን መጠየቅ ነውር የለውም፤ አጠያየቁ ግን ይወስናል። «እትዬ፣ መድኃኒት አለው?» ካሏት ዕቃዋን ያጣጣሉባት ስለሚመስላት መልሷ «ኧረ ምንም የለው!» ነው። «እትዬ፣ ይህ የጓሮ ነው የመስኖ? መቼ ነው የተቀነጠሰው?» ብለው ቢጠይቋት ግን እውነቱን ትነግርዎታለች፤ የጓሮ መሆኑ ለእርሷም መመስገኛ ነውና። ከአንድ ሻጭ በደንበኝነት መግዛት በየሳምንቱ ከሚለዋወጥ ቦታ ከመግዛት የተሻለ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ማሳውን ሳያዩት ታውቁታላችሁ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን በግቢ ጥግ አሥር እግር ጎመን መትከል ነው። አንድ ሣጥን ፌንጣ የሚበላው ቅጠል ጥቂት በመሆኑ፣ ውጭ ውጩን እየቀነጠሱ መልሶ የሚያቆጠቁጥ አሥር እግር ለዓመት ያዘልቃል።

ሌላው መታሰብ ያለበት የመስኖው ውሃ ነው። እንደ ቀሃና አንገረብ ያሉ በከተማ ውስጥ ወይም ጥግ የሚያልፉ ወንዞች የቤትና የመንገድ ፍሳሽ ስለሚቀላቀላቸው፣ ከታች በኩል በእነርሱ የሚጠጣ ቅጠል የተውሳክ እንቁላልና ባክቴሪያ ሊይዝ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቅጠል በጥሬው ከመስጠት ሥራሥር ገዝቶ ልጦ መስጠት ይመረጣል።

በደንብ ካጠብኩት አይበቃም? በረኪናስ ብጨምርበት?

መታጠብ ያለበት ሁሉ መታጠብ አለበት፤ ግን መታጠብ የማያወጣው ነገር እንዳለ ማወቅ ያስፈልጋል። በሚፈስ ውሃ እያሹ ማጠብ አፈርን፣ የተውሳክ እንቁላልን በከፊል፣ በላይ ላይ የቀረውንም መድኃኒት በመጠኑ ይቀንሳል። እንደ ዳይሜቶዬት ያሉት ግን በተክሉ ውስጥ ሰርገው ከጭማቂው ጋር የሚዘዋወሩ በመሆናቸው፣ ቅጠሉን ቀኑን ሙሉ ቢዘፈዝፉት አይለቁም። ልጣጭ ያለውን መላጥ ከማጠብ ይበልጣል፤ ካሮትና ስኳር ድንችን የሚመክሩት አርቢዎች አንዱ ምክንያታቸው ይኸው ነው።

በረኪና ፀረ ተባይን አስወግዶ ቅጠሉን ደኅና አያደርገውም፤ በቅጠሉ እጥፋት የሚቀረው ደግሞ ራሱ ለነፍሳቱ ጉዳት ነው። ለጀርም ብለው ኮምጣጤ በተቀላቀለበት ውሃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ቢነክሩት ጉዳት የለውም፤ በኋላ በንጹሕ ውሃ ያለቅልቁት። ከታጠበ በኋላ ደግሞ በንጹሕ ጨርቅ ላይ ዘርግተው ውሃው ጠፈፍ እስኪል ድረስ ይተዉት፤ እርጥብ ቅጠል ፉርሽካ ላይ ካረፈ በማግሥቱ ሻጋታ ይጠብቅዎታል።

ጎመን ይሻላል ወይስ ቆስጣ?

ጎመን። ቆስጣ ሲያዩት ለምለም፣ ሲሰጡትም ነፍሳቱ ፈጥነው የሚበሉት ቢሆንም፣ ኦክሳሌት የተባለውን ነገር በብዛት ስለያዘ ካልሲየሙን አስሮ በአንጀት በኩል ያለ ጥቅም ያሳልፈዋል። ስፒናችም፣ የቀይ ሥር ቅጠልም፣ አሉማም በዚህ ረገድ የቆስጣ ወንድሞች ናቸው። ቆስጣ መርዝ አይደለም፤ ሌላ ባጡበት ቀን አንድ ቅጠል ቢጥሉላቸው የሚደርስ ነገር የለም። የዘወትር ቀለብ ሲሆን ግን ካልሲየም ለመጨመር የለፉበትን ያፈርሰዋል።

የሐበሻ ጎመን ካልሲየሙም ደኅና፣ ኦክሳሌቱም አነስተኛ ነው። በጎመን ዘሮች ሁሉ ውስጥ የእንቅርት ዕጢን ሥራ የሚያውኩ ንጥረ ነገሮች ስላሉ ብቻውን ለወራት አይሰጥም፤ አልፋልፋ በሚገኝበት ቦታ ከእርሱ ጋር ማፈራረቅ እጅግ ጥሩ ነው። ለከብት መኖ የሚያመርቱ ሰዎች አልፋልፋን ብዙ ጊዜ ሳይረጩ ስለሚያጭዱ፣ አንድ እፍኝ ብትጠይቋቸው የሚነፍጉ አይመስለኝም። የደረቀ የሽፈራው ቅጠል ዱቄትም ካልሲየሙ ከፍ ያለ ነው፤ በፉርሽካው ላይ ጥቂት መነስነስ ይቻላል። ሰላጣ ከውሃ በቀር ይህ ነው የሚባል ጥቅም የለውም።

ስለ ካልሲየም ካነሳን፣ የእንቁላል ቅርፊት አብዛኛው ክፍሉ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ቀቅለው፣ አድርቀው፣ እንደ በርበሬ ወቅጠውና በወንፊት ነፍተው ከደረቁ ቀለብ ጋር ይቀላቅሉት። ይህ ግን ነፍሳቱ ለእንስሳው ከመሰጠታቸው በፊት ባሉት የመጨረሻ አንድ ወይም ሁለት ቀናት ብቻ የሚሰጥ ነው፤ ካልሲየም የበዛበት ቀለብ ለረጅም ጊዜ ሲሰጥ ነፍሳቱን ራሳቸውን ይጎዳል፣ ስለዚህ መራቢያዎቹን በሌላ ሣጥን ለይተው ያስቀምጡ።

ካሮት፣ ዱባ፣ ድንችና ስኳር ድንች እንዴት ናቸው?

ለውሃ ምንጭነት ከሁሉም የሚመቹት እነዚህ ናቸው፤ ፌንጣ በሳሕን ውሃ ውስጥ ሰምጦ ስለሚሞት ውሃውን ከአትክልት ቢያገኝ ይሻላል። ካሮትና ውስጡ ብርቱካናማ የሆነ ስኳር ድንች ካሮቲን ይጨምራሉ። ከወገራና ከዳባት በኩል የሚመጣው ድንች ለዱቄት ትል በጣም ይስማማል፤ ሆኖም ልጣጩ ወደ አረንጓዴ ያደላ፣ ወይም ያቆጠቆጠ ድንች ሶላኒን የተባለ መርዝ ስለሚይዝ አረንጓዴውን ብቻ ቆርጦ ከመጠቀም እንዳለ መጣል ይሻላል። ዱባ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ውስጡ ንጹሕ ነው፤ በግማሽ ተከፍሎ ፀሐይ ላይ የዋለውን ግን አይግዙ።

ፍራፍሬስ?

በጥቂቱ። ፓፓያ፣ ማንጎና ሙዝ ነፍሳቱ ይወዷቸዋል፤ ነገር ግን ቶሎ ይቦካሉ፣ ትንኝም ይጠራሉ። ብርቱካን ተልጦ ይሰጣል፤ በልጣጩ ያለው ዘይት ለነፍሳት መርዛማ በመሆኑ ልጣጩ ሣጥን ውስጥ አይገባም። ከሩቅ የመጣ፣ ሰም የተቀባ ፖም ሁልጊዜ ተልጦና ፍሬው ወጥቶ ይሰጥ።

ፈጽሞ የማይሰጡት የትኞቹ ናቸው?

አቮካዶ አንዱ ነው፤ ፐርሲን የተባለው ንጥረ ነገሩ ወፎችንና በርካታ እንስሳትን እንደሚጎዳ የታወቀ ስለሆነ፣ ለተሳቢ ቀለብ በሚሆን ነፍሳት ሆድ ውስጥ እንዲገኝ ማድረግ አይገባም። የቲማቲምና የድንች ቅጠል፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያም ከሣጥኑ ይራቁ። ከጓሮ ጥግ የሚለቀሙ አረሞችን በተመለከተ፣ በእርግጠኝነት የማያውቁትን ቅጠል አይስጡ፤ አስተናግር፣ እንዶድ፣ የወፍ ቆሎና ቁልቋል በየአጥሩ ሥር የሚገኙ ቢሆኑም መርዛማ ናቸው። ጤና አዳምና በሶብላን የመሳሰሉ ጠረናቸው የሚከብድ ቅጠሎችንም ነፍሳት በተፈጥሯቸው ይሸሿቸዋል።

ስለ ገራባ፣ ማለትም ከጫት ተርፎ ስለሚጣለው ቅጠል፣ ለብቻው መናገር ያስፈልጋል፤ በነጻ የሚገኝና ለምለም የሚመስል ስለሆነ «ለፌንጣ ቢሰጥስ?» የሚሉ ብዙ ናቸው። ጫት በአነቃቂ ንጥረ ነገሩ ምክንያት ብቻ ሳይሆን፣ ቅጠሉን ተባይ እንዳይበላው ተብሎ ደጋግሞ የሚረጭ ሰብል በመሆኑም ጭምር ለዚህ ሥራ ከማይሆኑት ሁሉ የመጀመሪያው ነው።

ከማዕድ የተረፈ ሰላጣ ወይም የበሰለ ጎመን ይሆናል?

አይሆንም። ጨው፣ ዘይትና ቅመም ያለበት ነገር ለነፍሳቱም ለእንሽላሊቱም አይስማማም። ሳይጣፍጥ የተረፈ የጎመን ዘንግ ወይም የካሮት ጫፍ ግን እሰዬው ነው።

ከመስክ የተያዘ ፌንጣ ወይም አንበጣስ? እርሱ የተፈጥሮ ምግብ አይደለም?

የበላበትን ማሳ ስለማናውቅ አይመከርም። በ2012 እና በ2013 ዓ.ም. የበረሃ አንበጣ ወደ አገራችን በገባበት ጊዜ በአውሮፕላንም በሰውም ሰፊ የኬሚካል ርጭት ተካሂዷል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ እየተንገዳገደ በቀላሉ የሚያዝ አንበጣ ብዙውን ጊዜ የተረጨበት ነው። ከመስክ የመጣው ተውሳክም ይዞ ሊመጣ ይችላል።

አዲስ ያገኘሁትን አትክልት እንዴት ልሞክረው?

ሃያ ያህል ፌንጣ በትንሽ ሣጥን ለይተው፣ ለጥቂት ሰዓት አስርበው ከአዲሱ ቅጠል ይስጧቸው፤ ከዚያም ሁለት ቀን ይጠብቁ። በጀርባው ተንጋሎ እግሮቹ የሚንቀጠቀጡ፣ ሲገለበጥ መቆም የሚያቅተው ፌንጣ ካዩ ነርቭ የሚያውክ መድኃኒት አግኝቶታል ማለት ነው፤ ቅጠሉንም፣ ሁሉንም ፌንጣዎች ያስወግዱ። የተንቀጠቀጠውን «ገና አልሞተም» ብሎ ለእንሽላሊት መስጠት ከሁሉም የከፋው ነው። ሙከራው ፀረ ፈንገስን ላያሳይ እንደሚችል ግን አይዘንጉ፤ ማንኮዜብ የበላ ፌንጣ ምንም ሳይሆን ሊዘል ይችላል። ለዚህ ነው ሙከራው ሻጯን መጠየቅን የማይተካው።

አትክልቱን ሳልቀይር በአንድ ሌሊት አለቁብኝ፤ ምን ሊሆን ይችላል?

አትክልቱን ከመጠርጠርዎ በፊት ዙሪያውን ይመልከቱ። በብዛት የሚያጋጥመው ሣጥኑን በአሮጌ አጎበር መሸፈን ነው፤ ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው አጎበር ትንኝ በሚገድል መድኃኒት የተነከረ በመሆኑ፣ ቢያረጅም ቢታጠብም ፌንጣን ለመግደል የሚበቃ መድኃኒት በላዩ ሊቀር ይችላል። ተራ የወንፊት ሽቦ ወይም ነጠላ ጨርቅ ይጠቀሙ። በክፍሉ ውስጥ ፍሊት መንፋት፣ ለወባ መከላከያ ግድግዳው የተረጨ ቤት፣ ኬሚካል ተይዞበት የነበረ የማዳበሪያ ከረጢትም እንዲሁ ያደርጋሉ። ጎመኑን ከገበያ ይዘውበት የመጡትን ዘንቢል እንኳ ከዚህ በፊት ምን ተሸክሞበት እንደነበር ያስቡ።

በየስንት ጊዜው ልቀይረው?

ለፌንጣ በየቀኑ፣ ሌሊቱን ሊጨርሱት የሚችሉትን ያህል ብቻ፤ ጠዋት የተረፈውን ያውጡ። ለዱቄት ትል በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ቀጭን ቁራጭ ይበቃል፣ በፉርሽካው ላይ ተዘርግቶ እንጂ ተቀብሮ አይሁን። ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው እርጥበት ፉርሽካው ራሱ ይሻግታል፤ ሽታው ከተለወጠ ወይም በእጅ ሲጨበጥ ከተያያዘ የሻገተውን ለይቶ ማትረፍ አይቻልም፣ ሁሉም ይጣላል። የሻጋታ መርዝ ዓይን ከሚያየው ቦታ አልፎ ይሄዳልና።

እስስት ከዱር ይዤ ማሳደግ እችላለሁ?

የዱር እንስሳ ይዞ ማኖር ፈቃድ የሚጠይቅ ሲሆን፣ ፈቃዱ የሚጠየቀው ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። ለትምህርት ቤት ወይም ለጥናት የሚፈልግ ሰው ነፍሳቱን ማርባት ከመጀመሩ በፊት ይህን ቢጨርስ ይሻላል።

የተረፉኝን ነፍሳት ለዶሮ ብሰጥስ?

ይስጡ፤ ዶሮ የዱቄት ትልን እንደ ጥሬ ለቅማ ትበላለች። አትክልቱን በተመለከተ እዚህ የተባለው ሁሉ ለዶሮም ይሠራል፣ እንዲያውም እንቁላሉን የሚበላው ሰው በመሆኑ ይበልጥ ይጠበቃል። ለዶሮ ብቻ የሚያረቡ ከሆነ ግን ዶሮዋ የእንቁላል ቅርፊቱን ዱቄት በቀጥታ መልቀም ስለምትችል፣ ነፍሳቱን በካልሲየም ለመሙላት መድከም አያስፈልግዎትም።